ጉልበቴን ላስቀይረው ወይስ ልቻለው?

ከበራችን እስከ ግቢው 72 ደረጃ አለ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። በ2003 ዓ.ም. ዕጣ ደርሶን በእልልታ ስንገባ ከቤታችን ሰው ደረጃውን የቆጠረ አልነበረም። እኔ ያኔ 49 ዓመቴ ነው። ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካን አንጠልጥዬ እወጣለሁ፤ በረንዳ ላይ ቆሜ የፉሪን ተራራ እያየሁ «ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?» እል ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ደረጃ የሚቆጥር ሰው ካያችሁ ጉልበቱን የሚያመው መሆኑን ያለ ራጅ ልነግራችሁ እችላለሁ። ጤነኛ ሰው ደረጃ ይወጣል እንጂ አይቆጥርም። እኔ መቁጠር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ዛሬ የማወጋችሁ በእነዚህ ዓመታት መጨረሻ ላይ ስለገጠመኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ኦፕራሲዮን ሆኜ ጉልበቴን ላስቀይር ወይስ እንደያዘኝ ልቻለው? ከመካከላችሁ ራሱ ወይም እናቱ፣ አባቱ በዚህ ጥያቄ ተይዘው እንቅልፍ ያጡ እንደሚኖሩ አውቃለሁ።

«ብርድ ነው!»

የሒሳብ መምህርት ነበርኩ። 34 ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። ሕመሙ ሲጀምር ያስቸገረኝ መውጣት ሳይሆን መውረድ ነበር። ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ጉልበቴ እንደዛገ ማጠፊያ እምቢ ይላል፤ ጥቂት ስራመድ ይላላል። ቀጥሎ ቡና ለማፍላት በርጩማ ላይ ተቀምጬ መነሳት ጭንቅ ሆነ። ከዚያ ስግደት ቀረ። በስቅለት ቀን ሰው ሲሰግድ እኔ ግድግዳ ተደግፌ መዋል ጀመርኩ።

እኛ አገር የጉልበት ሕመም የመጀመሪያ ሐኪሙ ጎረቤት ነው። «ብርድ ነው፣ በሙቅ ውሃና በጨው ዘፍዝፊው» ተባልኩ፤ ዘፈዘፍኩ። «ወጌሻ ይሽሽ» ተባልኩ፤ ታሸሁና ሦስት ቀን ሙሉ ጭራሽ መቆም አቃተኝ። ጸበልም ተጠመቅሁ፤ ለነፍሴ እረፍት አግኝቼበታለሁና አልጸጸትም። ጉልበቴ ግን ያው ነበር።

በመጨረሻ ወደ መድኃኒት ቤት ዞርኩ። ዳይክሎፌናክ የምትባለዋን ኪኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዛሁ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ዋጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትሠራለች። ሠርግ ሲኖር አንድ፣ ለቅሶ ሲኖር አንድ፣ በኋላ ግን ምንም በሌለበት ቀንም አንድ ሆነ። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄጄ የደም ግፊቴ ሲለካ 170 ሆኖ ተገኘ። ነርሷ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስትለኝ «ምንም የለም» አልኳት። የሕመም ማስታገሻን መድኃኒት ብዬ አልቆጠርኩትማ! ዳይክሎፌናክም ሆነ የእሱ ዘመድ አይቡፕሮፌን ለረዥም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ። ይህን ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እናንተ ዛሬውኑ እወቁት።

የድንኳኑ ቀን

በብሎካችን ምድር ቤት የምትኖር ቡና አጣጭ ነበረችኝ። ከገባን ጀምሮ የእሑድ ከሰዓት ቡና በእሷ ቤት ነበር። ደረጃው ሲከብደኝ መውረዱን አሳነስኩት። በየሳምንቱ የነበረው በየአስራ አምስት ቀን ሆነ፣ ከዚያ በወር አንዴ። እሷም ልቧ ደካማ ስለነበረ ወደ እኔ መውጣት አትችልም። ቢሆንም አልተቀየመችኝም። ቡናው ሲፈላ የልጅ ልጇን አንድ ሲኒ አስይዛ ትልክልኛለች፤ ከዚያ ትደውልና «ደረሰሽ? ጉልበትሽን አሳርፊ፣ እኔ የትም አልሄድም» ትለኛለች። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን አራት ወር ሳንተያይ ቀረን።

ባለፈው ኅዳር አንድ ሌሊት ከታች ጩኸት ሰማሁ። ማን እንደሆነች ሳይነግሩኝ አወቅሁ።

72ቱን ደረጃ በመቀመጫዬ ወረድኩት፤ እንደ ሕፃን፣ አንድ በአንድ፣ እጄን እያስቀደምኩ። ድንኳን ውስጥ ዋልኩ። ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ 32ኛው ደረጃ ላይ ጉልበቴ እምቢ አለ፤ መውጣትም መውረድም አልቻልኩም። የዕድሩ ልጆች የድንኳን ወንበር ይዘው መጡ። አንደኛው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። «ቲቸር፣ ይቀመጡ፣ እኛ እናወጣዎታለን» አለኝ። ተሸክመው አወጡኝ። በሬ ላይ ሲያስቀምጡኝ ፊቴ በእንባ ታጥቦ ነበር። ሰው ሁሉ ለጓደኛዬ ያለቀስኩ መሰለው። ለእሷም ነው፤ ለራሴም ጭምር ነበር።

ያን ሌሊት ቨርጂኒያ ላለችው ልጄ ደወልኩና «ይቀየርልኝ፣ ነገ ዛሬ ሳይባል ይቀየርልኝ» አልኳት።

ፎቶው አይታከምም

በሳምንቱ አንድ የአጥንት ስፔሻሊስት ዘንድ ሄድኩ። ሁለቱንም ጉልበቴን ቆሜ ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅለው አሳዩኝ። በጭኑ አጥንትና በታችኛው አጥንት መካከል ክፍተት መኖር ነበረበት። እዚያ ቦታ ላይ ራጅ የማያሳየው ለስላሳ ልም አጥንት አለ፤ ክፍተቱ ከጠበበ እሱ ተሸርሽሯል ማለት ነው። በሽታው ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። በዓለም ላይ ከመገጣጠሚያ በሽታዎች ሁሉ የተለመደው እሱ ነው። ዕድሜ፣ ክብደት፣ የቆየ ጉዳትና የዘር ውርስ ያግዙታል። «ብርድ» የለበትም።

ከዚያ ሐኪሙ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ግራውን ምን ያህል ያምዎታል?»

«እሱስ ደረጃ ላይ ብቻ ነው። ሌሊት የሚያስለቅሰኝ ቀኙ ነው።»

«እንግዲህ ይመልከቱ፤ በፎቶው ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው።»

አየሁ። እውነትም ልዩነት አልነበራቸውም። ሐኪሙ እንዳስረዱኝ ከሆነ በራጅ ላይ ክፉኛ የተበላ ጉልበት ይዞ እንደ ልቡ የሚሄድ ሰው አለ፤ ፎቶው ትንሽ ለውጥ ብቻ እያሳየ በሕመም የሚሰቃይም አለ። «እኛ ፎቶ አናክምም፣ ሰው ነው የምናክመው» አሉኝ።

«ታዲያ ልቀየር?» አልኳቸው።

«ይህ እንደ ትርፍ አንጀት አይደለም። ዛሬ ካልተደረገ ነገ የሚገድል ነገር የለውም። ጊዜ አለዎት። ውሳኔውም የእርስዎ ነው። እኔ የምነግርዎ ምን እንደሚያገኙና ምን እንደሚያጡ ነው። ወንበር ላይ ተሸክመው ባወጡዎት ሳምንት ግን አይወስኑ።»

በልቤ ተቆጣሁ። ብር ይዤ ቀርቤ ሂጂና አስቢበት መባሌ ንቀት መሰለኝ። ዛሬ ግን ከዚያ ክፍል ይዤው የወጣሁት ትልቁ መድኃኒት ያ ንግግር እንደነበረ አምናለሁ።

የቤተሰብ ሸንጎ

ወሬው በቤተሰቡ ሲዳረስ ሁሉም የየራሱን ይዞ መጣ። ልጄ ከቨርጂኒያ «እማዬ፣ ባንኮክ እልክሻለሁ፣ አልቆልሽ ትመጫለሽ» አለች። ወንዱ ልጄ «ይህን ቤት አከራይተን ለቡ አካባቢ ምድር ቤት እንከራይልሽ። ችግሩ ደረጃው ነው እንጂ ጉልበትሽ አይደለም» አለ። ታላቅ እህቴ «ቢላዋ የነካው አካል ተመልሶ እንደነበረው አይሆንም» ብላ የአክስታችንን ነገር አነሳች። አክስታችን ከዓመታት በፊት ኦፕራሲዮን ከሆነች በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ እንደገና ተከፍቷል፤ ብዙ ተሰቃይታለች። የልጆቼ አባት ደግሞ ዝም ብሎ ሰማና «እኔ የምፈራው ማደንዘዣውን ነው። ተኝተሽ ሳትነቂ ብትቀሪስ?» አለኝ።

አንዳቸውም በክፋት አልተናገሩም። በኋላ ሳስበው ግን ሁሉም የሚናገሩት ስለየራሳቸው ነው። ልጄ ስለ ርቀቷ፣ እህቴ ስለ አክስቴ፣ ባለቤቴ ስለ ብቸኝነት። ስለ ጉልበቴ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ጉልበቱ ያለው ሰው ነው።

ያን ሰሞን ሃይሌ ገብረሥላሴ ትዝ አለኝ። ይህን ቤት የተረከብንበት 2003 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት መጨረሻ በኒውዮርክ ማራቶን ላይ ሃይሌ ጉልበቱን አሞት በአንድ ድልድይ ላይ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። በዚያው ቀን በጋዜጠኞች ፊት ሩጫ በቃኝ አለ። አገር አዘነ፣ እኔም አዘንኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ቃሉን አነሳ፤ ዓመቱ ሳያልቅም በሚያዝያ ወር ቪየና ላይ ግማሽ ማራቶን አሸነፈ። እሱ የዓለም ጀግና ነው፣ እኔ ጡረተኛ መምህርት ነኝ፤ ጉልበታችንም አንድ አይደለም። አንድ ነገር ግን አስተማረኝ። ሕመሙ በጸናበት ሰዓት የሚወሰን ውሳኔ የሕመሙ እንጂ የሰውየው አይደለም። እኔም በድንኳኑ ማታ «ነገ ይቀየርልኝ» ያልኩት እንደዚያ ነበር።

የ12 ሳምንት ደብተር

ሐኪሙ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላኩኝ። የተቀበለችኝ ልጅ ከልጄ ታንሳለች። 12 ሳምንት እንድሠራ አዘዘችኝ። እኔም እንደ መምህርነቴ አንድ የተማሪ ደብተር ገዛሁና መስመር አሰመርኩ። በየማታው አራት ነገር እጽፋለሁ፦ የቀኙ ሕመም ከ10 ስንት፣ የግራው ከ10 ስንት፣ ሳላርፍ የወጣሁት ደረጃ ስንት፣ ሌሊት ሕመሙ ቀስቅሶኛል ወይስ አልቀሰቀሰኝም።

ልምምዱ ቀላል ነው፤ አሰልቺ ግን ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ዘርግቶ አምስት እስኪቆጠር ማቆየት። በጀርባ ተኝቶ ቀጥ ያለ እግር ማንሳት። ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሳትና መቀመጥ። ምክንያቱም የጭን ጡንቻ ሲጠነክር በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ሸክም ይጋራል። እኔ ደግሞ ያመኛል ብዬ እግሬን ባሳረፍኩ ቁጥር ጡንቻዬ ሲደክም፣ ጡንቻዬ ሲደክም ሕመሙ ሲብስ ነው የኖርኩት።

ሌላው ከዘራ ነው። እኔ ከዘራ መያዝ እርጅናን ማወጅ ይመስለኝ ነበር፤ ስይዝም በቀኝ እጄ ነበር። ልጅቷ ሳቀችና «እማማ፣ የሚያምዎት ቀኝ ከሆነ ከዘራው በግራ እጅ ነው» አለችኝ። ሞከርኩት፤ ወዲያው ቀለለኝ። ደረጃ ላይ ደግሞ፣ ስትወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ የሚያመው ይቅደም። ይህቺን ሁለት መስመር ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ስንት እሑድ ቡናዬን እጠጣ ነበር!

ክብደትም አለ። 84 ኪሎ ነበርኩ። አንድ ኪሎ ስንቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበታችን ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚነሳ በጥናት ታይቷል። ሒሳብ ስለሆነ ገባኝ። ጾም በራሱ የሚያከሳ ይመስለኝ ነበር፤ ዘይቱንና ድንቹን ስቆጥረው ግን ጾሜ ከፍስኬ ይበልጥ ነበር። እሱን አስተካክዬ በ12 ሳምንት አምስት ኪሎ ቀነስኩ። አምስት በአራት ሃያ ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የሃያ ኪሎ ሸክም ከጉልበቴ ወረደ ማለት ነው።

ማስታገሻውንም በሐኪም ቁጥጥር አስተካከልኩ። መርፌም ተነስቶ ነበር፤ ጉልበት ውስጥ የሚወጋው ስቴሮይድ ለሳምንታት ያስታግሳል፣ የተሸረሸረውን ግን አይመልስም። እኔ ለጊዜው ተውኩት።

በየካቲት መጨረሻ ደብተሩን ገልጬ ደመርኩ። የግራው ሕመም ከ6 ወደ 2 ወርዷል። ሳላርፍ የምወጣው ደረጃ ከ18 ወደ 54 ከፍ ብሏል። የቀኙ ሕመም ከ8 ወደ 6 ብቻ ነው የወረደው። ሌሊቱስ? መጀመሪያ በሳምንት አምስት ሌሊት ይቀሰቅሰኝ ነበር፤ ከ12 ሳምንት በኋላ አራት።

አዲሱ ጉልበት ምን ይሰጣል፣ ምን ይነሳል?

ይህን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ማልቀስ ትቼ ጠየቅሁ።

ጉልበት መቀየር የሚለው ስም ያስደነግጣል፤ ጉልበት ቆርጦ ሌላ ማስገባት ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። የተሸረሸሩት የአጥንት ጫፎች በስሱ ይላጡና በብረት ይሸፈናሉ፤ በመካከላቸው ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ሐሳቡ አሮጌ ነው። ቴዎዶር ግሉክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1890 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ጉልበት ሞክሮ ነበር፤ አልዘለቀም። የዛሬው ዓይነት መንገድ የያዘው እንግሊዝ አገር በራይቲንግተን ሆስፒታል ነው። ጆን ቻርንሊ በ1962 እ.ኤ.አ. የዳሌውን፣ ፍራንክ ጋንስተን በ1968 እ.ኤ.አ. የጉልበቱን አሳኩ። በእኛም አገር ዛሬ የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ፤ የአጥንት ሐኪሞቻችን የሚሠለጥኑበት ዋነኛው ቤትም ያው ጥቁር አንበሳ ነው።

የሚሰጠው ብዙ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ከ100 ሰው ሠራሽ ጉልበቶች 82ቱ ያህል 25 ዓመት እንደሚቆዩ አሳይቷል። እኔ 63 ዓመቴ ነው፤ ጉልበቱ ከእኔ ቢተርፍ አይገርመኝም። ብዙ ሰው ከሕመሙ ይገላገላል፣ እንቅልፉን ያገኛል።

የሚነሳውም አለ። ከአምስት ሰዎች አንዱ ያህል ከተቀየረለት በኋላም ሕመም ይቀርበታል ወይም እንደጠበቀው አይሆንለትም። ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ኢንፌክሽን ይገባል፤ የአክስቴ ነገር ተረት አልነበረም። እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ደግሞም አዲሱ ጉልበት እንደ ድሮው አይታጠፍም። በርጩማ፣ የቁጢጥ መጸዳጃ፣ መንበርከክና መሬት ወድቆ መስገድ ለብዙዎች አስቸጋሪ ሆነው ይቀራሉ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሙስሊም ጎረቤቴም ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ሶላታቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚሰግዱት። «እሱ የሚያየው ልብን ነው» ብለውኛል። ስግደቴ እንደማይመለስልኝ ሳውቅ በእሳቸው ንግግር ተጽናናሁ።

ልጄ «ቀለል ያለው ኦፕራሲዮን አይሻልም? በትንሽ ቀዳዳ ገብተው ቢጠርጉት?» ብሎ ነበር። ይህ በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ180 ሕመምተኞች ላይ ተፈትኗል። ለከፊሎቹ ጉልበታቸው ታጠበ ወይም ተጠረገ፤ ለከፊሎቹ ቆዳቸው ብቻ ተሰንጥቆ ተሰፋ። ለሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው የታጠቡትና የተጠረጉት ቆዳቸው ብቻ ከተሰፋው የተሻለ አልሆኑም። ስለዚህ ለእንደኔ ዓይነቱ ጉልበት እሱን ሰረዝነው።

ሌላው ያረጋጋኝ የዴንማርኩ ጥናት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። 100 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ጉልበታቸው ተቀይሮ እንደኔው የ12 ሳምንት ልምምድና የአመጋገብ ምክር አገኙ፤ ግማሾቹ ያለ ቀዶ ሕክምና ያንኑ ብቻ አገኙ። በዓመቱ የተቀየረላቸው የበለጠ ተሽሏቸዋል፤ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የደረሰባቸውም በእነሱ በኩል ይበዙ ነበር። ያልተቀየረላቸውም ቢሆኑ ተሽሏቸዋል። ከ50ዎቹ በዚያ ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምናውን የፈለጉት 13 ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆምኩና ራሴን ጠየቅሁ። እኔ ከ13ቱ ነኝ ወይስ ከ37ቱ? መልሱ ደብተሬ ላይ ተጽፎ አገኘሁት። የግራ ጉልበቴ ከ37ቱ ነው። የቀኙ ከ13ቱ።

ሁለት ጉልበት፣ ሁለት ውሳኔ

ስለዚህ ወሰንኩ። ቀኙ ይቀየራል። ግራው ይቆያል፣ በልምምድ። ፎቶው ሁለቱን እኩል ቢያሳይም፣ ሐኪሙ የሚቀጥለውን ራጅ እስኪያዩ ሳልጠብቅ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ደብተሬን አገላብጠው «እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው» አሉኝ። ዝም ብሎ መጠበቅም ዋጋ እንዳለው ነገሩኝ። ጡንቻው ፈጽሞ ከሰለለ፣ እግሩም ከተጣመመ በኋላ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ውጤቱ ይቀንሳል።

የልጄን የምድር ቤት ሐሳብም አልናቅሁትም። ደረጃውን ማስወገድ እችል ነበር። ሌሊቱን ግን ምድር ቤት ብወርድም አልገላገለውም፤ ተኝቼ የሚያመኝ ደረጃ ላይ ሆኜ አይደለማ። የቨርጂኒያዋን ልጄንም ባንኮኩን ትታ ገንዘቡን እዚህ እንድትረዳኝ ለመንኳት። ቀዶ ሕክምናው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ልምምዱ ግን ወራት ይፈጃል። በተቀየረ ጉልበት ብዙ ሰዓት አውሮፕላን ላይ መቀመጥ ለደም መርጋት ያጋልጣል። ደግሞስ ቁስሉ ቢያመረቅዝ የሰፋኝን ሐኪም የት ብዬ እፈልጋለሁ? እሷም ገባት። ለእረፍቷ መጥታ ልታስታምመኝ ቲኬት ቆርጣለች።

የልጆቼ አባት ፍርሃት ቀርቶ ነበር። ወደ ማደንዘዣ ሐኪሟ ይዤው ሄድኩ። ከወገብ በታች ብቻ ማደንዘዝ እንደሚቻልና እኔም ነቅቼ ልቆይ እንደምችል ሲሰማ «ታዲያ ይህን ማን ነገረኝ!» አለ። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ደረጃው ላይ ክንዴን ይዞ ከኋላዬ ይቆጥር ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ የወሰንኩትን ወስኑ አልላችሁም። የእናንተ ደብተር ሌላ ውጤት ሊያሳይ ይችላል። ግን ሐኪም ፊት ስትቀርቡ እነዚህን ጠይቁ፦ ይህ በዓመት ምን ያህል ጊዜ ይሠራል፣ እርስዎስ ስንት ሠርተዋል? እኔ የምፈልገውን ነገር፣ እንቅልፉን ወይም ደረጃውን ወይም ስግደቱን፣ ይመልስልኛል? ሳልቀየር መሞከር ያለብኝ ምን ቀረ? ኢንፌክሽን ቢገባ ማን ይከታተለኛል? ዋጋው የሚገባውን ብረትና የፊዚዮቴራፒውን ጭምር ነው? የስኳርና የደም ግፊታችሁ ነገር አስቀድሞ መስተካከሉንም አረጋግጡ፤ የእኔ ቀጠሮ የተያዘው ግፊቴ ከወረደ በኋላ ነው። የሚቸኩላችሁን ሐኪም ሁለተኛ አስተያየት እንድትጠይቁ ይፍቀድላችሁ፤ ካልፈቀደም ጠይቁ።

እናታችሁ ወይም አባታችሁ ከሆኑ ባለጉዳዮቹ ደግሞ፣ ስለ ፎቶው ከመጠየቃችሁ በፊት «ምን ናፈቀሽ? ምን ናፈቀህ?» በሏቸው።

ይህን የምጽፍላችሁ ቀጠሮዬ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። አልፈራም ብል እዋሻለሁ። ሌሊት ጉልበቴ ሲቀሰቅሰኝ የአክስቴን ቁስል አስባለሁ፤ ከአምስቱ አንዷ እኔ ብሆንስ እላለሁ። ከዚያ ደብተሩን እገልጣለሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለስድስት ሳምንት ያህል 72 ደረጃ መመላለስ እንደሚከብደኝ ሲሰማ የሟች ጓደኛዬ ልጅ ወደ ቤቴ ወጣች። የእናቷ መኝታ ክፍል ባዶ ነው። «እትዬ፣ እስኪሻልዎት እኛ ጋ ይረፉ። እማዬ ብትኖር ሌላ ቦታ አትልክዎትም ነበር» አለችኝ።

እንግዲህ እግዜር ቢፈቅድ የግንቦት እሑዶች ቡና በጓደኛዬ ቤት ነው። እሷ የለችም። ረከቦቱ ግን አለ፣ ሲኒ ይዛ ትወጣልኝ የነበረችው የልጅ ልጇም አለች። እኔ በርጩማ ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ልጅቷም በእኔ ምክንያት ደረጃ አትወጣም።